አዳማ ዙሪያ ያለ መስኖ ማረስ፦ ዝናቡን ማሳ ውስጥ ማስቀረት

ወንጂ ላይ ሸንኮራው ከ1940ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ አዋሽን እየጠጣ ያድጋል። አብዛኞቻችን ግን አዋሽን የምናየው ከድልድይ ላይ ነው። ከወለንጪቲ እስከ ቦፋ፣ ከመልካሳ እስከ ደራ ያለው አብዛኛው ማሳ የሚጠጣው ከሰማይ የወረደውን ብቻ ነው። ፓምፕ መግዛትና ነዳጅ መሙላት፣ ጉድጓድ ማስቆፈር ለሁሉም ሰው የሚሆን ነገር አይደለም።

ታዲያ ዝናቡ ያንሳል? ቁጥሩን እንየው። መልካሳ አካባቢ በዓመት በአማካይ 760 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር ላይ ሲሰላ 1.9 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ቦሎቄ ከዘር እስከ አጨዳ ከ300 እስከ 400፣ ማሽላ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሜትር ቢያገኝ ይበቃዋል። በወረቀት ላይ ይተርፋል ማለት ነው።

ማሳ ላይ ግን አይተርፍም። አንድ ቀን ከሰዓት ዶፍ ይወርድና ብዙው ውሃ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። የቀረውን ፀሐይና ነፋስ ይካፈሉታል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ 204 ሜጋ ዋት የሚያህል የነፋስ ኃይል ማመንጫ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ አረሙ አለ። ከዚያ ደግሞ ሐምሌ መሃል ላይ ሰማዩ ድንገት ይጠራና አሥር፣ አሥራ አምስት ቀን ጠብ ሳይል ይቀራል።

ስለዚህ እዚህ አገር ያለ መስኖ ማረስ ማለት ሁለት ነገር ነው። የወረደውን ውሃ በወረደበት ማስቀረት፣ ከዚያም ምን እንደሚዘራ በዚያ ውሃ ልክ መወሰን። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ያስቀድማል። "ድርቅ የሚችል ዘር የት ይገኛል?" ብሎ ይጀምራል። ዘሩ ጥሩ ነው፣ ግን ባዶ ሮቶ ላይ ጥሩ ቧንቧ መግጠም ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሮቶው ይሙላ።

አፈሩን በፌሮ መጠየቅ

ከማንኛውም ዕቃ በፊት አንዲት ፌሮ ያስፈልጋችኋል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ 1 ሜትር ከ20 የሆነች። ቤት የሚሠራ ሰው ጋ ቁራጭ አይጠፋም። አንዱን ጫፍ እጅ እንዲይዘው እጠፉት። ሌላውን ጫፍ አታሹሉት፤ የሾለ ብረት ደረቅ አፈር ውስጥም ስለሚገባ ይዋሻል። ከታች ጀምራችሁ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በመጋዝ ጫር አድርጉ ወይም ቀለም ቀቡ።

ከዝናብ ማግሥት ማሳው መሃል ግቡና ፌሮውን ቀጥ አድርጋችሁ በእጅ ክብደት ብቻ ተጫኑት። መዶሻ የለም። እርጥብ አፈር ውስጥ ሲሆን ሳይታገል፣ ሳይቆም ይወርዳል። ደረቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ መሬቱ ጋ ያለውን ምልክት አንብቡ፤ እርጥበቱ የደረሰው እስከዚያ ነው። ኳ ካለ ድንጋይ ነው፣ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ በሉና ድገሙት። ዳር ዳሩን ብቻ አትለኩ። ከላይኛው ጫፍ፣ ከመሃልና ከታችኛው ጫፍ፣ አሥር ቦታ ያህል ውጉ። የላዩ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር፣ የታቹ 45 ከሆነ ውሃው የት እየሄደ እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የትም ቦታ ብትወጉ ፌሮው 15 እና 20 ሳንቲ ሜትር መካከል እየቆመ ካስቸገረ፣ በዶማ አንድ ጉድጓድ ክፈቱ። ከታች ያለው አፈር እርጥብ ሆኖ ከተገኘ የቆመው በድርቅ አይደለም። ማረሻ በየዓመቱ እዚያው ጥልቀት ላይ ሲሄድ የጠቀጠቀው ጠጣር ንብርብር ነው። ሥርም ውሃም እዚያ ይጋጫሉ። መፍትሔው ማሳውን ሁሉ መቆፈር አይደለም። የሚዘራበትን መስመር ብቻ በዶማ ወይም ሁለት ጊዜ በአንድ ትልም ላይ በማረስ ጠለቅ አድርጎ መስበር ነው። ይህም አፈሩ ደረቅ ሳለ ይሁን፤ እርጥብ ሲሆን ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም።

ጥልቀት ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ሒሳቡ ቀላል ነው። የእኛ ቀላል፣ አሸዋማ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ሰብል የሚጠጣው 100 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። ሰብሉ በቀን 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይጠጣል። ግማሹን ከጠጣ በኋላ ደግሞ መቸገር ይጀምራል። ሥሩ 60 ሳንቲ ሜትር የወረደ በቆሎ ዝናብ ሲቆም አንድ ሳምንት ያህል ይችላል። ሥሩ ሜትር የወረደው ከአሥር ቀን በላይ ይቆያል። ሐምሌ ላይ ጎረቤታሞች ማሳ አንዱ ጠውልጎ ሌላው አረንጓዴ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ልዩነት ነው።

ከፌሮው ጋር የዝናብ መለኪያ ይኑራችሁ። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ፣ ለምሳሌ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ከዛፍና ከጣራ ርቆ እንጨት ላይ ይታሰር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስመሪያ አስገብታችሁ ሚሊ ሜትሩን ደብተር ላይ ጻፉና ድፉት። በቀላል አፈር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ደረቁን አፈር በግምት 1 ሳንቲ ሜትር ያርሳል። ጣሳው 25 ብሎ ፌሮው 10 ላይ ከቆመ ከግማሽ በላዩ ሸሽቷል።

ውሃው የሚሮጥበትን መንገድ መቁረጥ

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ዋናው ጨዋታ ይሄ ነውና።

በማረሻ ስናርስ አንዱን ዙር ወዲህ፣ ቀጣዩን እያቋረጥን ወዲያ ነው የምናርሰው። ማረሻው ትልሞች መካከል ያልታረሰ አፈር ስለሚተው ሌላ አማራጭ የለውም። ችግሩ ከሁለቱ ዙሮች አንዱ ቁልቁል መሄዱ ነው። የቁልቁል ትልም ደግሞ ለጎርፍ የተቀደደ ቦይ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላው ቢቀር አንድ ነገር ያዙ፦ ከመዝራት በፊት ያለችው የመጨረሻዋ እርሻ ዳገቱን የምታቋርጥ ትሁን።

ዳገቱን ማቋረጥ በዓይን አይሆንም። ለጥ ያለ የሚመስለው የአዳማ ሜዳ እንኳ ያታልላል። መለኪያውን ራሳችሁ ሥሩት። ሁለት ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶችን አናታቸው ላይ በሚስማር አያይዙና እግራቸውን ክፈቱ። ወገባቸው ላይ አንድ አግዳሚ ምቱ። ከአናቱ ላይ ሲባጎ አውርዳችሁ ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰሩ፤ ሲባጎው አግዳሚውን አልፎ ይንጠልጠል። አሁን መሬት ላይ አቁሙትና ሁለቱ እግሮች ያረፉበትን ምልክት አድርጉ። ሲባጎው አግዳሚው ላይ የነካበትን በከሰል ምልክት አድርጉ። ከዚያ እግሮቹን አቀያይሩ፣ ቀኙ የግራው ቦታ ላይ ይቁም። ሲባጎው የነካበትን እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሃል ልክ ነው። ማሳው ላይ አንዱን እግር አቁማችሁ ሌላውን ወደ ላይም ወደ ታችም እያንቀሳቀሳችሁ ሲባጎው መሃሉ ላይ ሲያርፍ ችካል ምቱ። ያን እግር ሳታነሱ ኋለኛውን አዙሩትና ቀጥሉ። ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር ይወጣል። መስመሩ ጠማማ ቢሆን አይግረማችሁ፣ መሬቱ ጠማማ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያሉ መስመሮች በየ20 ሜትሩ ቢኖሩ በሬዎቹን በእነሱ መምራት ይቻላል።

ቀጥሎ የታሰረ ትልም። መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለደረቅ አካባቢ ደጋግሞ የሚመክረው ነገር ነው፤ በበሬ የሚጎተት መሥሪያ እስከ መቅረጽም ሄዷል። መሥሪያው ባይኖርም በማረሻና በአካፋ ይሠራል። መደቦቹ፣ ማለትም በትልሞቹ መካከል ከፍ ብለው የሚቀሩት የአፈር ጉብታዎች፣ 75 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፣ ቁመታቸው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ትልሙ ውስጥ በየሁለት ሜትሩ በአካፋ አፈር ክምር አድርጋችሁ ትንሽ ግድብ ሥሩ። ዳገቱ ከጠነከረ ግድቦቹን ቀረብ ቀረብ አድርጉ። ትልሙ ሁሉ ጠባብ ጠባብ ገንዳ ይሆናል። በደንብ ከተሠራ የ40 ሚሊ ሜትር ዶፍ ወርዶ አንዲት ጠብታ ከማሳው አትወጣም።

የግድቡ ቁመት ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ሁልጊዜ ከመደቡ ዝቅ ይበል፣ አንድ አራት ጣት ያህል። ገንዳው ሲሞላ ውሃው በግድቡ ላይ ተሻግሮ በትልሙ ውስጥ ይሂድ። ግድቡ ከመደቡ ከበለጠ ውሃው መደቡን ይሰብራል። አንዱ መደብ ሲሰበር የታቹን ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ ማሳው መሃል ሸለቆ ነው የምታገኙት።

በቀላል አፈር ላይ ዘሩን ትልሙ ውስጥ ዝሩት፤ ውሃው ያለው እዚያ ነው። ማሳችሁ ጥቁር ኮትቻ፣ ማለትም ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ከባድ አፈር ከሆነ ግን ይህን ሁሉ እርሱት። ኮትቻ ውሃ ይዞ አይለቅም፣ ትልሙን ካሰራችሁት ቦሎቄው ተኝቶ ይሞታል። ለኮትቻ ሌላ ዘዴ አለው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መሬቱ የተራቆተና ላዩ የተጋገረ ከሆነ ደግሞ መደብ ከማውጣት ጉድጓድ መቆፈር ይሻላል። በደረቁ ወቅት፣ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ስፋቱ 30 ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ቆፍሩ። የወጣውን አፈር በታችኛው በኩል እንደ ከንፈር ከምሩት። በእያንዳንዱ ሁለት እፍኝ የበሰለ ፍግ ጨምሩበት። ቡርኪና ፋሶ ላይ ዛይ ይሉታል፤ የሞተ የሚመስል መሬት ያስነሱበት ዘዴ ነው። ሥራው ግን ወገብ ይቆርጣል። ለሩብ ጥማድ እንጂ ለሄክታር አልመክረውም።

ዝግጅቱ ከአጨዳ ይጀምራል

ብዙ ሰው ማሳውን የሚያስታውሰው ሚያዝያ ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ውሃ ግን የሚጀምረው ኅዳር ላይ ነው። ስታጭዱ አገዳውን ከሥር አትላጩት፣ አንድ ስንዝር ከግማሽ ያህል ቁመት ተውለት። የቆመ ቅሪት ነፋሱን ከመሬት ላይ ያነሳል፣ የበልጉንም ካፊያ ይይዛል።

እርግጥ ነው፣ እዚህ ጋ ከብት አለ። ከአጨዳ በኋላ ማሳ የሁሉም ግጦሽ ነው። የጤፍ ጭድ መኖ ነው፣ ለጭቃ ቤት ይሸጣል፤ አገዳው ማገዶ ነው፤ ፍጉ ኩበት ይሆናል። "ማሳውን በገለባ ሸፍኑ" የሚል ምክር ሲሰጣቸው ገበሬዎች ፈገግ የሚሉት ለዚህ ነው። ለሄክታር የሚሆን ገለባ አይገኝም። እኔ የምለው ሥሩን ከነጉቶው መተው፣ ከድንበርተኛ ጋር ተስማምቶ ቢያንስ ትልም የታሰረበትን ክፍል ከከብት እግር ማዳን ነው። የተሠራ መደብ በሰኮና ከተረገጠ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

በልግ ካካፋ የመጀመሪያውን እርሻ፣ ገመሳውን፣ ያኔ አውጡ። አፈሩ ሲከፈት የሚቀጥለውን ዝናብ ይቀበላል፣ የበቀለውም አረም ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ግን እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ ማረስ ልማድ ነው፤ እያንዳንዱ እርሻ ደግሞ እርጥቡን አፈር ለፀሐይ ይገለብጣል። አረም ካልወጣ፣ ላዩም ካልተጋገረ፣ በሬውን አሳርፉት።

ምን ይዘራ? ዝናቡ የገባበትን ቀን ጠይቁ

ዘር በፍላጎት የሚመረጥበት አገር አይደለንም። አባቶቻችን በቆሎ ስለዘሩ ሳይሆን ዝናቡ መቼ ስለገባ ነው የምንመርጠው። ልምድ ያለው ገበሬ ይህን ሳይጻፍለት ያውቀዋል፤ እኔ በቀን ልደርድረው።

ሚያዝያ ላይ በልጉ ጠንክሮ ፌሮው 40 ከወረደ፣ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን የአካባቢ ማሽላ መዝራት ይቻላል። ማሽላ ዝናብ ሲጠፋ እድገቱን አቁሞ ይጠብቃል፣ ሲመለስ ይቀጥላል። በቆሎ ይህን ትዕግሥት የለውም። ግንቦት ላይ ከገባ 130 ቀን ገደማ የሚፈጀው መልካሳ 2 በቆሎ ይደርሳል። ሰኔ አጋማሽ ከሆነ ወደ መልካሳ 4 ውረዱ፣ 105 ቀን ገደማ ነው፤ ወይም መኮ እና ተሻለ ወደሚባሉት ፈጣን ማሽላዎች። ሰኔ ማለቂያና ሐምሌ መግቢያ የቦሎቄ ጊዜ ነው። አዋሽ 1 እና አዋሽ መልካ ለውጭ ገበያ የሚሄዱት ነጮቹ ናቸው፤ ናስር ቀዩ ነው፣ ለቤትም ይሆናል። ሦስቱም በሦስት ወር ውስጥ ይደርሳሉ። በቆሎ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው መልካሳ 1ን ይሞክር፣ 90 ቀን ገደማ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጤፍ ይገባል፤ ፀደይ እና ቦሰት የተባሉት ዝርያዎች ለአጭር ዝናብ የወጡ ናቸው። ከዚያ ከዘገየ የሚቀረው ማሾ የሚባለው ትንሹ አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው፣ በሁለት ወር ከምናምን ይነሳል።

እዚህ ውስጥ ያለው ምስጢር ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ዝናቡ መስከረም አጋማሽ ላይ ይወጣል ብላችሁ ያዙ። ከዚያ በኋላ ሰብሉ አፈር ውስጥ የቀረችውን ይዞ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሄዳል። በቆሎ ወንዴ አበባውን ሲያወጣና ጸጉሩን ሲጥል ያሉት ሁለት ሳምንታት ከሁሉም ይበልጥ ስስ ናቸው። እነዚያ ሳምንታት መስከረም መጨረሻ ላይ የሚወድቁ ከሆነ አገዳ እንጂ እሸት አታዩም።

ለዚህ ነው የአጭር ጊዜ ዘር፣ ቢያንስ ለግማሽ ማሳ የሚሆን ማሾ ወይም ጤፍ፣ ሰኔ ሳይገባ ጎተራ ውስጥ መቀመጥ ያለበት። ሐምሌ ላይ የበቆሎ ቡቃያ ሲደርቅ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ገበያ ይወጣል፤ ዋጋው የት እንደሚደርስ መገመት አያቅትም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሚያወጣውን የወቅት ትንበያ ስሙ። ኤልኒኖ ከተባለ በቁም ነገር ያዙት። በ2007 ዓ.ም ክረምት የሆነውን ድርቅ የስምጥ ሸለቆ ገበሬ አይረሳውም። እንዲህ ባለ ዓመት ከበቆሎው ቀንሶ ወደ ማሽላና ቦሎቄ ማዘንበል ነው። በየትኛውም ዓመት ቢሆን ማሳውን ሁሉ ለአንድ ሰብል መስጠት ቁማር ነው። በቆሎና ቦሎቄን በአንድ መስመር አሰባጥሮ መዝራትም ለእኔ ደስ አይለኝም፤ ውሃ ሲያጥር ይሻማሉ። ማሳውን ከፍሎ ለየብቻ መዝራት ይሻላል።

መዝራት

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የመጀመሪያዋ የሰኔ ካፊያ ብዙ ዘር በልታለች። ዘሩ ይበቅላል፣ ከዚያ ሰማዩ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይሟላ፦ ጣሳው በሦስት ቀን ውስጥ በድምሩ ከ20 ሚሊ ሜትር ይለፍ፣ ፌሮውም 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ጣሳው ሞልቶ ፌሮው ካልወረደ ጠብቁ። ጎረቤት ስለዘራ አትዝሩ። የእሱ ማሳ ከታች በኩል ሆኖ የእናንተን ውሃ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል።

የበቆሎና የማሽላ ዘር ማታ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ስምንት ሰዓት ያህል ይበቃል። ጠዋት ላዩን በጥላ አድርቁና በዚያው ቀን ዝሩ። ከደረቁ ዘር ቀድሞ ይወጣል፤ ላዩ አፈር ሳይጋገር ቡቃያው ያመልጣል። ቦሎቄን ግን አታሳድሩ፣ ቆዳው ይላላና ይሰነጠቃል። መሬቱ እርጥብ መሆኑ ሳይረጋገጥ ያደረ ዘር መዝራት ደግሞ ዘሩን መግደል ነው።

አራርቆ መዝራት የብዙ ሰው ልብ የማይቀበለው ነገር ነው። ባዶ ቦታ ሲታይ የባከነ ይመስላል። ባዶው ቦታ ግን የሥር ቦታ ነው። በቆሎ በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በጥማድ 11,000 ተክል ገደማ ነው፣ ሁለት ሁለት ፍሬ ከተጣለ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ዘር ይበቃል። ማሽላ 75 በ20፣ በጥማድ 3 ኪሎ ገደማ። ቦሎቄ 40 በ10፣ ትንንሹ ነጭ ከሆነ 15 ኪሎ ገደማ። ጥልቀቱ ለበቆሎና ለቦሎቄ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ለማሽላ ከዚያ ያነሰ። ዘሩን ከሸፈናችሁ በኋላ በእግር ረገጥ አድርጉት፤ አፈሩ ዘሩን መንካት አለበት። ጤፍ ከመዝራት በፊት ማሳውን በከብት ማስረገጥ የቆየ ልማድ ነው፣ ምክንያቱም ይኸው ነው።

ማዳበሪያ በብዛት ሳይሆን በቦታው። ከዘሩ ጋር የሚገባውን ማዳበሪያ፣ ኤንፒኤሱን፣ እንደ ድሮው አትበትኑት። የለስላሳ ቆርኪ ያዙ። አንድ ሙሉ ቆርኪ ለሦስት ጉድጓድ ይካፈል፤ ለጥማድ 20 ኪሎ ገደማ ይሄዳል። ከዘሩ አራት ጣት ያህል ፈንጠር ብሎ፣ በአፈር ተሸፍኖ ይቀመጥ። ዘሩን ከነካ ያቃጥለዋል። ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ይጨመር፣ ያም አፈሩ እርጥብ ከሆነ ብቻ። ደረቅ ላይ የተበተነ ዩሪያ ወደ አየር ይሄዳል። በዚያ ሳምንት ካልዘነበ ጆንያው ይቆይ።

ከበቀለ በኋላ

አረም ውሃ ሌባ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የመጀመሪያው አረም በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ይታረም። ስድስተኛው ሳምንት ላይ የተነቀለ አረም የሚጠጣውን ጠጥቶ የጨረሰ ነው፤ ልፋቱ ለዓይን ብቻ ይሆናል። ቅንጬ አረምን ሳያብብ ንቀሉት፣ በጓንት ይሁን፣ ቆዳ ያሳክካል። ማሽላ ውስጥ ሐምራዊ አበባ ያላት አቀንጭራ ከታየች ዘር ሳትጥል ነቅላችሁ አቃጥሏት። እሷ ውሃውን የምትጠጣው ከአፈር ሳይሆን ከማሽላው ሥር ነው።

ሽልሻሎ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። በቆሎው ጉልበት አካባቢ ሲደርስ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ገደማ፣ በመስመሮቹ መካከል ማረሻ ማስገባት ነው። አረሙን ይገለብጣል፣ የተጋገረውን ላይ ይሰብራል፣ ለተክሉ አፈር ያቅፋል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ በሬው ሲወጣ አካፋ ይዛችሁ ግቡና ሽልሻሎው ያወጣውን ትልም በየሁለት ሜትሩ እሰሩት። መጀመሪያ ላይ ትልም ማሰር ያልሞላለት ሰው እንኳ በዚህ ይደርስበታል። የነሐሴ ዶፍ ሲመጣ ገንዳው ይጠብቀዋል። ቀኑን ምረጡ፤ ዝናብ በቆመበት ሳምንት ሽልሻሎ ማድረግ ያለችውን እርጥበት ማውጣት ነው።

ሰማዩ ሐምሌ ላይ ከጠራስ? አምስተኛው ቀን ላይ የደረቀውን ላይ በዶማ ገፈፍ አድርጋችሁ ፌሮውን ከዚያ ተጫኑት። እርጥበቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች ወርዶ ላዩ ብቻ ከደረቀ አትረበሹ፣ ሥሩ እዚያው ታች ነው። የበቆሎ ቅጠል ቀን ተጠቅልሎ ማታ ከተፈታ ይችላል። ጠዋትም ተጠቅልሎ ካገኛችሁት ችግር አለ። ያን ጊዜ ደካማ ደካማውን ንቀሉና ለከብት ስጡ፤ ከሦስት አንዱን ማውጣት ለቀሩት ሁለቱ ውሃ መጨመር ነው። ሐሳቡ ያማል፣ ግን ሁሉንም ከማጣት ይሻላል። ከአበባ በፊት ማሳው ከግማሽ በላይ ካለቀ ሐምሌ ሳይወጣ ገልብጡትና ያስቀመጣችሁትን ማሾ ወይም ጤፍ ዝሩ።

ደረቅ ሳምንት የአሜሪካ መጤ ተምችም ወዳጅ ነው። የበቆሎውን ጉያ በሁለት ቀን አንዴ ተመልከቱ፤ እንደ መጋዝ ብናኝ ያለ ነገር ካያችሁ ትሉ ውስጥ አለ። በትንሽ ማሳ ጠዋት ላይ በእጅ መልቀም አሁንም ከሁሉም የረከሰ መድኃኒት ነው።

ኮትቻ ያላችሁ፦ ዝናቡ ካቆመ በኋላ መዝራት

ወደ ሞጆና ሉሜ ስትሄዱ አፈሩ ይጠቁራል። እዚያ ያለ ዝናብ ማረስ ቃል በቃል ይሠራል። ሽምብራ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ይዘራል፣ ክረምቱ ይወጣል፣ ሽምብራው ግን አፈሩ የያዘውን እርጥበት ብቻ እየተከተለ ሥሩን ቁልቁል ይሰዳል። ታኅሣሥ ላይ እሸቱን መንገድ ዳር የምንገዛው ያን ሁሉ ወር ዝናብ ሳያይ ነው።

ወሳኙ የዘር ቀን ነው። ቀድሞ ከተዘራ ውሃ ያቆርበትና ሥሩ ይበሰብሳል። ከዘገየ አፈሩ ይሰነጠቅና በስንጥቁ ውስጥ እርጥበቱ ከሥር ይወጣል። ከማሳው እፍኝ አፈር አንሱና ጨብጡት። ውሃ ጣት መሃል ከወጣ ቆዩ። ተጨብጦ ቅርጹን ይዞ እጅ ላይ ካልተለጠፈ ዛሬ ዝሩ። የመጀመሪያዋ ስንጥቅ ከታየች ዘግይታችኋል፣ ቢሆንም በዚያው ቀን ከዘራችሁ የሆነ ነገር ይገኛል። ነጩን ለሚፈልግ አረርቲ እና ሀብሩ፣ ቀዩን ለሚፈልግ ናቶሊ አሉ። ዘሩ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ጠለቅ ይበል፤ እርጥቡ እዚያ ነው። ከዘራችሁ በኋላ አረሙን በእጅ ንቀሉ እንጂ መሬቱን አትቆፍሩት።

ጓሮ ብቻ ላለው

ከተማ ውስጥ 50 ካሬ ጓሮ ያለውም ሰው ይችላል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 800 ሊትር ያወርዳል፤ የሚረጨውን ቀንሱና 650 በሉት። አሸንዳውን ወደ መንገድ ከመልቀቅ ወደ ጓሮ አዙሩት። መደቡን ከፍ አታድርጉ፣ ዝቅ አድርጉት፤ ከግቢው መሬት አንድ ስንዝር የወረደ መደብ ውሃውን ይሰበስባል። ዱባ፣ ቦሎቄ፣ የርግብ አተር ለዚህ ይሆናሉ። ጎመንና ሰላጣ ግን ያለ ውሃ አይሆኑም፣ አትልፉ።

ፓፓያ ወይም ሽፈራው ለመትከል 60 ሳንቲ ሜትር በሁሉም አቅጣጫ ቆፍሩ፤ የላዩን አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅላችሁ ከታች መልሱት። ተከላው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይሁን፣ ሥሩ ክረምቱን በሙሉ እንዲያገኝ። በዙሪያው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የአፈር ከንፈር፣ ክፍቱ ወደ ላይኛው በኩል። ለጓሮ የሚሆን ገለባ አይጠፋም፤ ጭድም ይሁን የደረቀ ሣር አራት ጣት ውፍረት አልብሱት። ግንዱን ግን አያስነኩት፣ አንድ ስንዝር ክፍት ይተው፤ ካልሆነ ምስጡ ገለባውን ጨርሶ ወደ ግንዱ ይሻገራል።